ለጣውንቴ የሰፋሁት ልብስ

ባሌ ደርቤ ሌላ ሴት እንደያዘ መጀመሪያ የነገረችኝ ጎረቤቴ ስንቅነሽ ናት። ሴትዮዋ ከሞተች ሦስት መቶ ዓመት ሊሆናት እንደተቃረበ ግን ስንቅነሽ አላወቀችም። እኔም ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሳውቅ ቅናቴ በረደ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ባሰብኝ እንጂ። በሕይወት ካለች ሴት ጋር ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። ፀጉሯን ይዞ ገበያ መሃል መጎተት አለ፣ ሽማግሌ መላክ አለ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ለእናቷ መንገር አለ። የሞተችን ሴት ምን ያደርጓታል?

ደርቤን ደባርቅ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ድምፁን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የተወለደው ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች መንደር ነው። ልጅ ሆኖ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ቅኔ ዘልቋል። ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሮ ጎንደር ታሪክ ተማረና የቅርስ መዝጋቢ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ "የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እየለካ ይውላል" እላለሁ። እውነቴን ነው። በየደብሩ እየዞረ የብራና መጻሕፍትን ርዝመትና ስፋት ይለካል፣ ቅጠላቸውን ይቆጥራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ማን አስጻፈው፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ የሚለውን አገላብጦ ፈልጎ ይመዘግባል። እኔም ስለካ ነው የምውለው። ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የፓርክ ጠባቂዎች ጃኬት፣ የሙሽራ ካባ እሰፋለሁ። ስሜ ሸጊቱ ነው።

የተዋወቅነው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። ምን ያህል ላሳጥረው ብዬ ስጠይቀው "እንደመሰለሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር እንደመሰለሽ ሆነ። የሠርጉ ቀን እንደመሰለሽ፣ የቤቱ ቀለም እንደመሰለሽ፣ የልጃችን ስም እንደመሰለሽ። ሕሊና አልኳት፤ ጥሩ ነው አለ። ዝምታውን ወድጄለት ነው ያገባሁት። እናቴ ጯሂ ነበረች፣ እኔም ጯሂ ነኝ፤ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ዝም ቢል ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው አንድ ቀን አፉን ይከፍታል፣ ሲከፍትም ስለ ሌላ ሴት ያወራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት ሳይጠፉ በፎቶ ይያዙ ተባለና ደርቤ ወደ ዳባት በኩል ተመደበ። ወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት የምትባል፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ያለች ደብር ዘንድ ከረመ። መጀመሪያ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለስ ነበር። ቀጥሎ እያደረ መምጣት ጀመረ። ሲመጣ ደግሞ ፊቱ ፈካ ብሎ ነው። ምግብ አቅርቤለት ትክ ብዬ ሳየው እንጀራውን ይዞ ብቻውን ፈገግ ይላል። ምነው ስለው ምንም ይላል።

ስንቅነሽ ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ ዳባት ገበያ ትወርዳለች። አንድ ቀን ስፌት ቤቴ መጥታ በርጩማውን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ደርቤን ዳባት አየሁት፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይስቃል፣ ሲወጣም ጥሩ ሽታ ያለው ሳሙና ገዛ አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድ ልጅ ከቤቱ ውጭ ሳሙና የሚገዛው ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የያዝኩትን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁትና መልሼ ስሰፋው እንደገና ገለበጥኩት።

በዚያው ቅዳሜ ደርቤ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ስልኩን አነሳሁት። ድሮ ስልኩን ሲከፍቱት የሚታየው የጭላዳ ፎቶ ነበር፤ ፓርኩ ውስጥ ሰንቃበር ላይ ራሱ ያነሳው። ባሌ እኔን ትቶ የዝንጀሮ ፎቶ ይዞ መዞሩ ቅር ቢለኝም ለጭላዳ መቅናት ያሳፍራል ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ግን ጭላዳው የለም። በምትኩ የሴት ሥዕል አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ አንዲት ሴት በግንባሯ ልትደፋ ጎንበስ ብላለች። ፀጉሯ ሹሩባ ነው፣ ቀሚሷ ባለ አበባ፣ ዓይኗ ፊቷን ሊያክል ምንም አልቀረው። ከቀሚሷ ጠርዝ ሥር ደግሞ አንድ እጅ ብቅ ብሏል፤ ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ሳለ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

ደርቤ ፀጉሩን እያደራረቀ ሲወጣ ስልኩን ፊቱ ላይ ይዤ ይቺ ማናት አልኩት። ቢደነግጥ ደስ ባለኝ። እሱ እቴ፣ ልክ የጎረቤት ልጅ እንደጠየቅኩት ሁሉ "አመተ ጽዮን ናት" አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። እኔ ባሌ እንዲህ ማውራት እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አመተ ጽዮን ወይራ አምባ ያለው የተአምረ ማርያም መጽሐፍ ባለቤት ነበረች። ወይዘሮ ናት፤ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ሰው። በየተአምሩ መጨረሻ "ጸሎታ ወበረከታ የሀሉ ምስለ አመታ አመተ ጽዮን" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎላታል። እሁድ እሁድ መጽሐፉ ሲነበብ የእመቤታችን በረከት ከእሷ ጋር እንዲሆን ካህኑ ስሟን ይጠራል ማለት ነው፤ እስከ ዛሬም ይጠራል። ባዶ በነበሩት ቅጠሎች ላይ ደግሞ የራሷን ጉዳይ አስጽፋበታለች። ወንድሟ ርስቷን ሊቀማት ሲል እንዴት አደባባይ አቁማ እንዳሳፈረችው፣ ልጇ ሲሞት ለተዝካሩ ያረደችውን በሬ፣ መጽሐፉን የሚዋስ ሰው በቅሎውን አስይዞ እንዲሄድ ያዘዘችውን ሁሉ። ከሁሉ በላይ ደርቤን ያሳቀው እጁን ሳይታጠብ መጽሐፏን የሚነካ ሰው እጁ ይድረቅ ማለቷ ነው። ሳሙናውን የገዛው ለዚሁ ኖሯል።

"ምን ዓይነት ቁጡ ሴት መሰለችሽ" አለኝ እየሳቀ። እሱ አልታወቀውም እንጂ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ሰው ስለ ሞተ ሰው እንደዚያ አያወራም። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሆንን። ሽሮ ሲበላ አመተ ጽዮን ጾም በሚሽር ሰው ላይ እንዴት ያለ እርግማን እንደጻፈች ያስታውሳል። ዝናብ ሲጥል መጽሐፏ ላይ ያለውን የውኃ ጠብታ ያስታውሳል። እኔ ስለ መብራት ቆጣሪው ስነግረው ዓይኑ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ልጃችን ሕሊና "እማ፣ በሙት ትቀኛለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። አዎ እቀናለሁ አልኳት። ሙትም ትሁን ሕያው፣ ባሌን ያሳቀችው እሷ ናት፤ እኔ አስቀዋለሁ ብዬ ስንት ዓመት ስቀልድ ፈገግ ብሎልኝ ዝም ነው ያለው።

በመጨረሻ አላስቀምጥ አላስቆም ሲለኝ ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳባት ወርጄ ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ ወሰደኝ፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ደርቤ ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሲሠራ አገኘሁት። እንደመጣሁ አላየኝም። ከማሰሮ ውኃ ቀድቶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀ፣ እጁ ውስጥ እርጥበት የቀረ እንደሆነ ጉንጩ ላይ አስነክቶ ሞከረው። ከዚያ መጽሐፉን በሁለት እጁ አንስቶ አስቀመጠ። ቅጠሉን ሲገልጥ በጣቱ አይጎትተውም፤ መዳፉን ከሥሩ አስገብቶ ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው። እኔን እንደዚያ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም።

ስስል ቀና አለና ተደናገጠ፤ ግን ደግሞ ደስ አለው። ነይ ላሳይሽ ብሎ ወንበር አመጣልኝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት ቄሰ ገበዝ ያርጋል ነበሩ። ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ካህን ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ተደባርቅ ነው የመጣሽው፣ ልፋት ነው፣ እህል ውኃ ቅመሺ አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ልብስ እንደምሰፋ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

መጽሐፉ ከቆዳ ማኅደሩ ውስጥ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ነበረው። እሱን አነሱና አሳዩኝ። ድሮ ምን ዓይነት ሐር እንደነበረ እግዜር ይወቅ፤ አሁን በጣት ሲነኩት የሚበን ሆኗል። መጽሐፉ ያለ ልብስ ቀረ ማለት ነው፤ ማኅደሩ ብቻውን ደግሞ ጠርዙን ይበላዋል።

"ተእኛ ዘንድ ሥርዓት አለ፣ ልጄ" አሉኝ። "መጽሐፉን ያለበሰ በመጽሐፉ ይጠራል። የቀድሞዋ ስም ይፋቅና ያለበሰችው ይገባል። ተጥንትም እንዲሁ ነው። ተአመተ ጽዮን ወዲህ ያለበሰው ሰው የለም። አንቺ ብታለብሽው ስምሽን እኔ ራሴ እሁድ እሁድ አነበው ነበር።"

ልቤ እንዴት እንደዘለለ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ እዚያ ዳገት ላይ የወጣሁት ጣውንቴን በዓይኔ አይቼ፣ አንጀቴን አሳርሬ ልመለስ ነበር። እሳቸው ግን ምላጭ ሊሰጡኝ ነው። ስሟ ከየተአምሩ መጨረሻ ተፍቆ ይወጣል፣ የእኔ ይገባል፣ ደርቤም መጽሐፉን በገለጠ ቁጥር እኔን ያገኛል። አባ፣ እሰፋለሁ አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

ደርቤን ዞሬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባ፣ መጽሐፉ ተመዝግቧል" አላቸው። "ቅርስ ነው። ከእንግዲህ አይፋቅም።"

"አንተ የመዘገብኸው የትናንቱን ነው" አሉት፣ ሳይቆጡ። "እኔ ደግሞ ልብስ የሌለው መጽሐፍ ይዤ የሚቀጥለውን ዘመን እጠብቃለሁ። ሴትዮዋ ታልብስ፣ ስሟም ይግባ።"

ቤት ተመልሰን ራት ላይ ፈነዳሁ። ያላልኩት የለም። ከሞተች ሴት ጋር ተኝቶ ከሞተች ሴት ጋር የሚነሳ ባል ይዤ እንደቀረሁ፣ ለብራና የሚታጠብ እጅ ለሚስት እንደማይታጠብ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በመጨረሻ "የእኔ ስም አንተ ላይ የት ነው የተጻፈው?" አልኩት። ስለ እሷ የሚያወራበት አፍ ስለ እኔ ሲሆን ተዘጋ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ሳህኑን እያየ፣ "ሸጊቱ፣ አታስፍቂያት" አለኝ።

ደርቤ በትዳራችን አንድም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ሁሉም እንደመሰለሽ ነበር። የመጀመሪያ ልመናው ስለ እሷ ሆነ። እርር ድብን አልኩ። በነጋታው ከፋይ ልገዛ ወጣሁ።

ጠቆር ያለ ቀይ ከፋይ መረጥኩ፣ ለገበሩ ደግሞ ነጭ ሸማ። ሳልለካ መቁረጥ አልችልምና የመጽሐፉን ልክ ደርቤን ጠየቅኩት። ማስታወሻውን ሳይገልጥ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የጣውላውን ጠርዝ ሳይቀር ነገረኝ። ጫማዬ ስንት ቁጥር ነው አልኩት። አሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጠረጴዛው ሥር እግሬን አየ። ሂድ ከፊቴ አልኩት።

ልብሱን ለማንም ሙሽራ እንዳልሰፋሁት አድርጌ ሰፋሁት። ልቤ ሩኅሩኅ ሆኖ አይደለም። ልብሱ ካላማረ ስሜ ሲገባ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። ማዕዘኑን እጥፍ አድርጌ በእጅ ሰፋሁ፣ ክዳኑ ላይ ረጅም ማሰሪያ አበጀሁለት፣ ጥልፉን በወርቃማ ክር ዙሪያውን አስኬድኩት። እያንዳንዷን ስፌት ስወጋ አመተ ጽዮንን የወጋኋት ይመስለኝ ነበር። ስንቅነሽ መጥታ አይታው ለማን ነው አለችኝ። ለጣውንቴ አልኳት። ያበድኩ መስሏት ቶሎ ተነስታ ሄደች።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ልብሱን በነጠላ ጠቅልዬ ከደርቤ ጋር ወይራ አምባ ወጣን። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን አመጡና ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አኖሩት። ስም የሚጽፉት መሪጌታ ቀለማቸውንና ብዕራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቀጭን ምላጭ አለ። ልብሱን ዘርግቼ ሳሳያቸው ቄሰ ገበዝ እጃቸውን አሽተው ነው የነኩት። መጽሐፉን አለበሱት፤ ልክክ አለ። የለካው ደርቤ፣ የሰፋሁት እኔ፣ እንዴት ልክክ አይል? ከዚያ መልሰው አወጡትና ስሙ ያለበትን ቅጠል ገለጡ። መሪጌታ ምላጩን አነሱ።

"አባ፣ አንድ ጊዜ" አለ ደርቤ። ወደ እኔ ዞረ። "ነይ እይ፣ ሸጊቱ። ካየሽ በኋላ እንደመሰለሽ።"

ቅጠሉን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐዩ አነሳው። ብራናው ሌላው ቦታ ወፍራም ነው፤ ስሟ ያለበት ላይ ግን ብርሃን ያሳልፋል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ሳተኩር ከአመተ ጽዮን ቀይ ስም ሥር የሌላ ፊደል ጥላ አየሁ። የተፋቀ ነው። እዚህም ቀጥሎ ባለው ተአምር ላይም እንዲሁ ነው። ከዚያ ሥዕሉን ገለጠልኝ። በስልክ ያየኋት ሴት በቀለሟ ሙሉ ተደፍታለች። ከቀሚሷ ጠርዝ ሥር ብቅ ያለውን ሦስተኛ እጅ በጣቱ ሳይነካ አመለከተኝ። የእሷ አይደለም። ሌላ ሴት ነበረች በቦታው የተሣለች፤ አመተ ጽዮን በላይዋ ላይ አስቀባችባት። ሠዓሊው ሁሉንም ሸፍኖ አንዲት እጅ ረሳ።

ማን ነበረች አልኩት። መጽሐፉ የመጣው ከባሏ ቤት እንደሆነ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ የባሏ የፊት ሚስት ትመስለኛለች አለ። ስሟን ለማንበብ ብዙ ለፍቷል፣ አልተነበበለትም። አመተ ጽዮን ስትፍቃት እጇ ጠንክሯል።

አያችሁልኝ! ያቺ ዓይነ ትልቅ፣ ሙት ሆና እንኳ ያስቀናችኝ፣ እሷም በቅናት እርር ብላ ኖራለች። ጣውንቴም ጣውንት ነበረቻት። ለምን እስካሁን አልነገርከኝም አልኩት። ስለ እሷ ሳወራ ተነስተሽ ትሄጃለሽ አለኝ። እውነቱን ነው።

"ለምንድን ነው እንዲህ የወደድካት?" አልኩት። ካህናቱ እየሰሙኝ ነው፤ ግድ አልሰጠኝም።

ደርቤ ቅጠሉን ቀስ አድርጎ መለሰው። "ሳነባት አንቺን እሰማለሁ" አለኝ። "ወንድሟን ስትሳደብ አንቺን። ሳትታጠብ እንዳትነካኝ ስትል አንቺን። እኔ እዚህ ብቻዬን ስውል ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል።"

"እኔን ለመስማት እዚህ ዳገት ድረስ መውጣት ለምን አስፈለገህ? ቤት ውስጥ በነፃ እጮህልህ የለም እንዴ?" አልኩት። ቄሰ ገበዝ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ሳቁ።

መሪጌታ ምላጩን እንደያዙ ነበሩ። ብራናው ሳስቷልና አሁን ቢፋቅ ሊበሳ እንደሚችል ተናገሩ። ቄሰ ገበዝም ቢበሳም ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ያለበስሽው አንቺ ነሽ፣ ያልሽው ይሆናል አሉኝ። ሁሉም እኔን ጠበቁ። ምላጩ ያለው በእኔ ቃል ነበር። ፋቁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይኔ ግን በዚያች እጅ ላይ አረፈ። የማን እንደሆነች የማይታወቅ እጅ። እኔም ዛሬ አመተ ጽዮንን ብፍቃት፣ አንድ ዘመን ላይ ሌላ ልብስ ሰፊ ሴት ይህን ዳገት ወጥታ እኔን ታስፍቀኛለች። የዚያን ጊዜ ከእኔ የሚተርፈው የትኛው አካሌ ነው?

ምላጩን ያስቀምጡት አልኳቸው። ደርቤ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት፤ ያም ትንሽ አበሳጨኝ። ጨርሼ ግን አልነበረም። ስሜን ሳላስገባ ከዚያ ዳገት የምወርድ ሴት አይደለሁም።

ልብሱን መልሼ ወሰድኩ። ከቦርሳዬ መርፌና ቀይ ክር አወጣሁ፤ መርፌ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ክዳኑን ገልብጬ ነጩን ገበር ጭኔ ላይ አነጠፍኩት። ስሜ ልብሱ ላይ በክር ቢጻፍስ ሥርዓቱ ይፈቅዳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቄሰ ገበዝ አሰቡ። መጽሐፉ ሊነበብ ሲፈታ መጀመሪያ የሚገለጠው ልብሱ ነው፤ በመጀመሪያ የተገኘው ስም መጀመሪያ ይጠራል፣ በዚህ ነውር የለበትም አሉ። ከዚያ የክርስትና ስምሽ ማን ነው አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት ደርቤ "ወለተ ሐና" አላቸው።

ዞር ብዬ አየሁት። የክርስትና ስሜን ቤት ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔም አልጠራሁት። ተክሊል ስንደፋ ካህኑ አንድ ጊዜ ጠርተውት ነበር፤ እዚያ ነው የሰማው። የጫማዬን ቁጥር የማያውቅ ሰው ይህን ይዞ ኖሯል። ምን ብዬ እንደምቆጣው ጠፋኝና ክሩን ምራቄ አስነክቼ መርፌው ውስጥ አስገባሁት።

ጥላው እስኪዞር ድረስ ተቀምጬ ሰፋሁ። ፊደሌ እንደ መሪጌታ ፊደል ቀጥ ያለ አይደለም፤ "ሐ"ው ትንሽ አጋድሏል። ግን ክሩን በሁለት ደርብ ነው የወጋሁት፣ ማንም በምላጭ አይፍቀውም፤ የሚያወጣው ልብሱን የሚቀድ ብቻ ነው። ስጨርስ ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን አለበሱት፣ ማሰሪያውን አሳዩኝ፣ እኔም ቋጠሮውን ራሴ አሰርኩት። ደርቤ ሜትሩንና ብዕሩን አወጣ። ልብሱም አሁን የመጽሐፉ አካል ስለሆነ መመዝገብ አለበት አለ። ገበሩን ለካ፣ የጥልፉን ዓይነት ጻፈ፣ የስሜን ርዝመት ሳይቀር ለካው። ስንት ሆነ አልኩት። ከእሷ ይረዝማል አለኝ፣ ሳይስቅ።

አሁንም ስልኩ ላይ ያለችው እሷ ናት። አልተለወጠም፤ ባየሁት ቁጥር ያንጨረጭረኛል። ወይራ አምባ ሲሄድ ግን ስንቅነሽን ዓይንሽን ጣይበት አልላትም። አመተ ጽዮንን ለማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ እኔን መፍታት አለበት፤ ቋጠሮውን ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት።